ጓሮ ላለ ቢሮ ዋይፋይ ማድረስ፦ የትኛው መንገድ ለየትኛው ግቢ?

መሀል አዲስ አበባ ግቢ ያለው ሰው ሰርቪሱን አጽድቶ ቢሮ ማድረጉ የተለመደ ሆኗል። የቆዩ ግቢዎች አሠራራቸውም ለዚህ ይመቻል፤ ዋናው ቤት ከፊት፣ ሰርቪሱ ከኋላ፣ በመሀል ከ8 እስከ 30 ሜትር የሚሆን ጓሮ። ራውተሩ ግን መስመሩ በገባበት በሳሎኑ ጥግ፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ነው ያለው። ሰርቪሱ ውስጥ ስልክ ላይ አንድ ሁለት መስመር ይታያል፣ ቴሌግራም ይሠራል፤ የቪዲዮ ስብሰባ ሲከፈት ግን ድምፁ ይቆራረጣል፣ ምስሉም ቀጥ ይላል።

ሱቅ ሲገባ የሚሰጠው መልስ ባብዛኛው «ሪፒተር ይውሰዱ» ነው። ሪፒተር የዋይፋይ ሲግናል ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ ዕቃ ነው። የሚያዋጣበት ግቢ አለ፤ ሆኖም ከአማራጮቹ ሁሉ ለመሸጥ የሚቀለው እንጂ ለመሥራት የሚሻለው እሱ አይደለም። እዚህ ብራንድ አንጠራም። ዋጋም በብር አንጽፍም፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ዛሬ የተጻፈ ቁጥር ነገ ያሳስታል። አማራጮቹን እርስ በርስ ማወዳደር ግን ይቻላል።

## ከመግዛት በፊት፦ ጥፋቱ የመስመሩ ነው ወይስ የዋይፋዩ?

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። መስመሩ ራሱ እየተቆራረጠ ዋይፋይ የሚያራዝም ሰው መቆራረጡን ነው ጓሮ ድረስ የሚያደርሰው።

ፍተሻው ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር በኬብል አገናኝተው የቪዲዮ ጥሪ ያድርጉ፤ ኬብል ከሌለ ከራውተሩ ሁለት ሜትር ያህል ርቀው ይሞክሩ። እዚያም የሚቆራረጥ ከሆነ መፍትሔው አገልግሎት ሰጪው ጋ ነው፤ ምንም ዕቃ አይግዙ። እዚያ ደህና ከሆነ ወደ ሰርቪሱ ይሂዱና በነፃ ከሚገኙት የፒንግ አፖች በአንዱ የራውተሩን አድራሻ ለ5 ደቂቃ ፒንግ ያድርጉ፤ ፒንግ ማለት ትንሽ መልእክት ልኮ ምላሹ በስንት ጊዜ እንደሚመጣ መለካት ነው። አድራሻው ከራውተሩ ጀርባ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። ምላሹ ከ10 ሚሊሰከንድ በታች ሆኖ ከረጋ ዋይፋዩ ጤነኛ ነው። አንዴ 5፣ አንዴ 300 እያለ የሚዘል ወይም ጭራሽ ምላሽ የሚያጣ ከሆነ ችግሩ በራውተሩና በሰርቪሱ መሀል ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህን ሁለተኛውን ነው።

በዚያው የሲግናል ጥንካሬውን በዋይፋይ መለኪያ አፕ ይመልከቱ። ቁጥሩ ኔጋቲቭ ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል። ለድምፅና ለቪዲዮ -67 ዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያው ነው) ወይም ከዚያ የተሻለ ያስፈልጋል። -75 ላይ ድረ ገጽ ይከፈታል እንጂ ስብሰባ አይካሄድም። የሚለኩት የሥራ ጠረጴዛው ባለበት ቦታ፣ በር ተዘግቶ ይሁን። በሩ ላሜራ ከሆነ ተከፍቶና ተዘግቶ ያለው ልዩነት ያስገርማል።

ያለ ወጪ የሚሞከሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ራውተሩን ወደ ጓሮ የሚያይ መስኮት አጠገብ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ማስቀመጥ ነው። መስመሩ ፋይበር ከሆነ ፋይበሩ የሚገባበትን ሳጥን አይንኩት፤ ባለበት ትተው በኔትወርክ ኬብል ሌላ ራውተር ወደ መስኮቱ ያውጡ። ሁለተኛው ቻናል፣ ማለትም ዋይፋዩ የሚነጋገርበት የሬዲዮ መስመር ነው። ዋይፋይ ባብዛኛው በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ይሠራል፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ ዙሪያው ፎቅና ካፌ በበዛበት ሰፈር ሦስቱም ተጨናንቀዋል። በአፑ አይተው ከሦስቱ የተሻለውን ይምረጡ፣ የቻናሉን ስፋት 20 ሜጋኸርዝ ያድርጉ። ቢሮው ከ10 ሜትር ካልራቀና መስኮት ለመስኮት ከሆነ ጉዳዩ እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችላል።

## በምን እንመዝን?

በመሀል ያለው ነገር ከርቀቱ ይበልጣል። ባዶ ጓሮ ላይ 20 ሜትር ለዋይፋይ ምንም አይደለም። ቆርቆሮ ግን ብረት ነው፤ ሲግናሉን ያንጸባርቀዋል እንጂ አያሳልፈውም። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ የሆነ ሰርቪስ ውስጥ ውጭ ያለ ማንኛውም ራውተር የሚገባው በመስኮትና በስንጥቅ ብቻ ነው። ብሎኬት ያዳክማል፤ ሁለት የብሎኬት ግድግዳ ደግሞ 5 ጊጋኸርዝን ከጥቅም ውጭ ሊያደርገው ይችላል። የድሮ የድንጋይ ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም ስለሆነ ሲግናሉን ለማጥፋት አንዱ ግድግዳ ብቻ ይበቃል። ጭቃ ቤት ደረቅ ሲሆን ይሻላል፤ እርጥበት ሲገባው ይብሳል።

መብራት ሲጠፋ ምን ይቀራል? ለከተማችን ከባዱ መመዘኛ ይህ ነው፤ ከሌላ አገር የተቀዱ ምክሮች የሚስቱትም እዚህ ላይ ነው። ላፕቶፕ ባትሪ አለው፤ በመንገዱ ላይ ያለው ዕቃ ግን እያንዳንዱ የራሱን ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። በመሀል ሦስት ሶኬት የሚይዝ አማራጭ ሦስት ባትሪ ይጠይቃል ማለት ነው።

ክረምቱ። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡና መብረቁ ይበረታል። በሁለት ቤቶች መሀል የተዘረጋ የመዳብ ሽቦ መብረቅ በቀጥታ ባይመታውም አጠገቡ ሲወርድ ኃይል ይሰበስባል። ራውተርና የላፕቶፕ የኔትወርክ ቀዳዳ በዚህ ሊቃጠሉ ይችላሉ።

ቤቱ የማን ነው? ተከራይ የአከራዩን ጓሮ ቆፍሮ ሲለቅ ጥሎት ከሚሄድ፣ ነቅሎ የሚወስደው ዕቃ ላይ ቢያወጣ ይሻለዋል።

መርጋት ከፍጥነት ይቀድማል። ለአንድ የቪዲዮ ስብሰባ ከ2 እስከ 4 ሜጋቢት በሰከንድ በሁለቱም አቅጣጫ ይበቃል። የቤቱ ጥቅል 10 ሜጋቢት ከሆነ ማሸጊያው ላይ 3000 የተጻፈበት ዕቃ 10ሩን 11 አያደርገውም። የሚገዛው መርጋት ነው።

## ሪፒተር

ሶኬት ላይ ይሰካል፣ ከስልክ ይስተካከላል፣ በ10 ደቂቃ ይሠራል። ተራው ዓይነት አንድ ሬዲዮ (ሲግናል የሚቀበልና የሚልክ ክፍል) ብቻ ስላለው የተቀበለውን እዚያው ቻናል ላይ መልሶ ይናገራል፤ ስለዚህ ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል፣ የምላሽ ጊዜውም ይዋዥቃል። ሁለት ሬዲዮ ያለው፣ ከራውተሩ ጋር በ5፣ ከእርስዎ ጋር በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚነጋገረው ይሻላል።

የተለመደው ስህተት ሲግናል በሌለበት በሰርቪሱ ውስጥ መሰካት ነው። ሪፒተር የሰማውን ነው የሚደግመው፤ ደካማ ሲግናል ከሰማ ስልኩ ላይ ሙሉ መስመር እያሳየ ደካማ ኢንተርኔት ያድላል። ቦታው ዋናው ቤት ውስጥ ጓሮ የሚያየው የመጨረሻው መስኮት አጠገብ፣ ከራውተሩ -60 አካባቢ የሚያገኝበት ነው። ሰርቪሱ ቆርቆሮ ከሆነ ይህ አማራጭ ከመጀመሪያው አይታሰብ።

## ሜሽ

ሁለት ወይም ሦስት እኩያ ዕቃዎች አንድ ስም ያለው ኔትወርክ ይሠራሉ፤ እየተራመዱ ሲሄዱ ስልኩ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። በአየር ሲገናኙ ከሪፒተር የተሻሉ ናቸው፤ ባለ ሦስት ሬዲዮው ደግሞ አንዱን ሬዲዮ ለእርስ በርሳቸው ብቻ ስለሚተው በጣም ይሻላል። ሆኖም የግድግዳ ሕግ ለሜሽም አይለወጥም። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ስንት መቶ ካሬ የሚለው ቁጥር ቀጭን የእንጨት ግድግዳ ላለበት አገር የተሰላ ነው፤ ለብሎኬት ግማሹን ይቁጠሩ።

ሜሽ ጉልበቱን የሚያሳየው ሁለቱ ዕቃዎች በኬብል ሲገናኙ ነው። ኬብል ከተዘረጋ ደግሞ ከታች የምናየው ርካሹ መንገድም ያንኑ ሥራ ይሠራል። ስለዚህ ሜሽ የሚመከረው ዋናው ቤትም ራሱ ሰፊ ሆኖ ክፍሎቹ ሲግናል ካጡ፣ ወይም ተከራይ ሆነው በየቤቱ ይዘውት የሚዞሩት ከሆነ ነው።

## በመብራት መስመር፦ ፓወርላይን

ጥንድ ዕቃ ነው፤ አንዱ ራውተሩ አጠገብ፣ ሌላው ሰርቪሱ ውስጥ ሶኬት ላይ ይሰካል፣ ኢንተርኔቱ በቤቱ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይሄዳል። ቆርቆሮውም ብሎኬቱም አይመለከተውም። ሐሳቡ ያምራል፤ ውጤቱ ግን በሽቦው ዕድሜና በቆጣሪው ይወሰናል።

ሰርቪሱ የራሱ ቆጣሪ ካለው አይግዙ፤ ቢገናኝ እንኳ ደካማ ነው። ቤቱ ሦስት ፌዝ ከሆነና ሰርቪሱ በሌላው ፌዝ ላይ ካለም ይዳከማል። ዕቃው ግድግዳ ሶኬት ላይ በቀጥታ መሰካት አለበት፤ ዲቫይደር፣ ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ በመሀል ከገባ ሲግናሉን ያጣራዋል፣ ማለትም ይበላዋል። ይህ ማለት ደግሞ በባትሪ ማስደገፍ አይቻልም፤ መብራት ሲጠፋ መንገዱ ራሱ ይጠፋል። ምጣድና የውኃ ፓምፕ ሲነሳ ፍጥነቱ ሊወርድ ይችላል። ማሸጊያው ላይ 1000 የተጻፈበት በተግባር ከአሥር እጅ አንድ ሁለቱን ቢሰጥ ደህና ነው፤ ያም ለስብሰባ ይበቃል።

ፓወርላይን የሚሞከረው ሻጩ ካልሠራ እመልሳለሁ ካለ ብቻ ነው። ቤት ሳይሞክሩት የሚያውቅ የለም።

## የኔትወርክ ኬብልና አክሰስ ፖይንት

ለባለቤት የመጀመሪያው ምርጫ ይህ ነው፤ ስለዚህም እዚህ ቆየት እንላለን። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ከራውተሩ ኬብል ተስቦ ሰርቪሱ ውስጥ ይገባል፣ እዚያ አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም በኬብል የመጣውን ኢንተርኔት በዋይፋይ የሚያሰራጭ ዕቃ፣ ይቀመጣል። የመዳብ ኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ይሄዳል፤ የትኛውም የመሀል ከተማ ግቢ ከዚያ አያልፍም።

*ኬብሉ።* ካት 5ኢ ለ1 ጊጋቢት ይበቃል፤ ካት 6 ቢሆን አይከፋም። የውጭ ኬብል ይሁን፦ ልባሱ ጥቁር፣ ጠንካራና ፀሐይ የማይፈረካክሰው። ግራጫው የቤት ውስጥ ኬብል ውጭ ሲሰቀል ልባሱ ይሰነጠቃል፣ ውኃ ይገባል። ገበያው ላይ ያለው ትልቁ ወጥመድ ግን በመዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፤ ከንጹሕ መዳብ ይረክሳል፣ ሲያዩት አይለይም። አንዱን ሽቦ በምላጭ ይፋቁት፤ ከሥር ነጭ ብልጭታ ከወጣ አልሙኒየም ነው። ካርቶኑም ሲያነሱት ቀላል ይሆናል። እንዲህ ያለው ሽቦ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ከመዳብ ግማሽ ያህል ስለሚበልጥ በኬብሉ ኃይል ሲላክበት ይደክማል፤ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል።

*ኃይል በኬብሉ።* ፒኦኢ የሚባለው ይህ ነው፤ አክሰስ ፖይንቱ ኢንተርኔትንም ኤሌክትሪክንም በአንድ ኬብል ያገኛል። የዚህ አማራጭ ትልቁ ጥቅም ለእኛ እዚህ ላይ ነው፤ ዋናው ቤት ውስጥ የተቀመጠ አንድ ባትሪ ራውተሩንም የጓሮውን አክሰስ ፖይንትም ይይዛል። ጥንቃቄ የሚያሻው ቮልቴጁ ላይ ነው። መደበኛው ፒኦኢ 48 ቮልት አካባቢ ነው፤ ከመላኩ በፊት ዕቃው ይቀበል እንደሆነ ይጠይቃል፣ ስለዚህ አያቃጥልም። ፓሲቭ የሚባለው (24 ቮልት ነው፣ 48ም አለ) ሳይጠይቅ ይልካል። ኢንጀክተሩን፣ ማለትም ኃይሉን ኬብሉ ውስጥ የሚያስገባውን ትንሽ ሳጥን፣ ከራሱ ከአክሰስ ፖይንቱ ካርቶን የወጣውን ይጠቀሙ፤ የሌላ ዕቃ አይጠቀሙ።

*ለ20 ሜትር ጓሮ የሚያስፈልገው፦* 30 ሜትር ኬብል (መጠምዘዣውና በየጫፉ የሚተርፈው 2 ሜትር ተጨምሮ)፣ 25 ሚሊሜትር የፒቪሲ ቱቦ፣ ሰፊ ማጠፊያዎች፣ 10 አርጄ-45 ጫፍ (አራቱ መበላሸታቸው አይቀርም)፣ ሲሊኮን፣ ኢንጀክተርና አክሰስ ፖይንት። ክሪምፐር (የጫፍ መግጠሚያ) እና ኬብል መፈተሻ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ከሌለው ይዋሱ።

*አዘረጋጉ።* መሬት የሚቀበር ከሆነ ከ30 እስከ 50 ሳንቲሜትር ይቆፈር፤ ቱቦው ውስጥ ከኬብሉ ጋር ሲባጎ ይተዉ፣ በኋላ ሌላ መሳብ ቢያስፈልግ ያድናል። ማጠፊያው ቀጥ ያለ ማዕዘን ከሆነ ኬብሉ እዚያው ይይዛል፤ ሰፊ ማጠፊያ ይጠቀሙ። የቱቦው ሁለት ጫፍ በሲሊኮን ካልተደፈነ በክረምት ውኃ ይሞላል፣ አይጥም ይገባበታል። ጓሮው ኮብልስቶን ወይም ሲሚንቶ ከሆነ በአጥሩ ግድግዳ ላይ በቱቦ መሄድ ይቀላል። በአየር የሚያልፍ ከሆነ መጀመሪያ የማይዝግ ሽቦ ወጥሮ ኬብሉን በእሱ ላይ ማሰር ነው፤ ኬብሉ ራሱን እንዲሸከም አይደረግም። የቆርቆሮ ጠርዝ ላይ አይረፍ፤ ነፋስ ሲያንቀሳቅሰው ቆርቆሮው ይበጥሰዋል። ግድግዳ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ይውጣ፤ ውኃው በጎንበሱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ቤት አይገባም።

ከመብራት ሽቦ ጋር አንድ ቱቦ ውስጥ አይገባም። ጎን ለጎን ከሄዱ ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ይራራቁ፤ መሻገር ካለበት በመስቀል ይሻገር።

*የጫፍ ቅደም ተከተል፦* ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን። ኮምፒውተሩ ግንኙነቱን 1000 ሳይሆን 100 ብሎ ካሳየ ከ4ኛው፣ ከ5ኛው፣ ከ7ኛውና ከ8ኛው ሽቦ አንዱ አልያዘም፤ ጫፉን ቆርጠው እንደገና ይሥሩት።

አሮጌ ራውተር ቤት ካለ አክሰስ ፖይንት መግዛት ላያስፈልግ ይችላል። በራሱ ገጽ ገብተው አድራሻውን ከዋናው የተለየ (ለምሳሌ 192.168.1.2) ያድርጉ፣ ዲኤችሲፒውን (ለሚገናኙት ዕቃዎች አድራሻ የሚያድለውን) ያጥፉ፣ የዋይፋይ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ከዋናው ጋር አንድ፣ ቻናሉን ግን የተለየ ያድርጉ። ኬብሉን ዋን በሚለው ሳይሆን ላን በሚለው ቀዳዳ ይሰኩ። ቅንብሩ ሳይለወጥ ዋን ላይ ከተሰካ ኢንተርኔቱ ሊሠራ ይችላል፤ ዋናው ቤት ያለው ፕሪንተር ግን ከቢሮ አይታይም፣ ሰውም ፕሪንተሩ ተበላሸ ብሎ ወደ ጥገና ይወስደዋል። አሮጌ ራውተር ባብዛኛው ፒኦኢ ስለሌለው ሰርቪሱ ውስጥ የራሱ ሶኬትና ባትሪ ያስፈልገዋል።

የዚህ አማራጭ ድካሙ መብረቅ ነው። የኬብል መብረቅ መከላከያ ይሸጣል፤ ግን የሚሠራው ኃይሉን ወደ መሬት የሚያወርድበት የመሬት ሽቦ፣ ባለሙያዎች ግራውንድ የሚሉት፣ በትክክል ካለ ብቻ ነው። ብዙ የቆዩ ቤቶች ሶኬታቸው ሦስት ቀዳዳ ይኑረው እንጂ ሦስተኛው ከምንም አልተገናኘም። እንዲህ ባለ ቤት ያ መከላከያ ጌጥ ነው። ፎይል የለበሰው ኬብልም እንዲሁ፤ በሁለቱም ጫፍ ከታሰረ የሁለቱን ቤቶች የመሬት ልዩነት በራሱ ላይ ያሳልፋል። ግራውንድ ከሌለ ተራውን የውጭ ኬብል ተጠቅሞ ነጎድጓድ ሲጀምር ጫፉን ከራውተሩ መንቀል ይሻላል።

## ፋይበር በራስ ግቢ ውስጥ

ፋይበር የአገልግሎት ሰጪ ነገር ብቻ ይመስላል። ሆኖም ጫፉ የተሠራለት ዝግጁ ኬብል በ20፣ በ30፣ በ50 ሜትር ተቆርጦ ይሸጣል፤ በየጫፉ ሚዲያ ኮንቨርተር የምትባል፣ የፋይበሩን ብርሃን ወደ ተራ የኔትወርክ ሲግናል የምትቀይር ትንሽ ሳጥን ትሰካለች፤ ከሷ አጭር የኔትወርክ ኬብል ወደ ራውተሩና ወደ አክሰስ ፖይንቱ ይሄዳል። መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ የመብረቅ ጣጣው በዚህ ያልቃል። ከመብራት ሽቦ አጠገብም ቢሄድ አይረበሽም።

ሲገዙ ሦስት ነገር ይዩ። ኮንቨርተሮቹ በአንድ ክር የሚሠሩ ከሆነ ጥንድ መሆን አለባቸው፤ አንዱ በ1310 ናኖሜትር ሲልክ ሌላው በ1550 ይልካል፣ ሁለት አንድ ዓይነት ከተገዙ አይገናኙም። የጫፉ ቀለም ይዛመድ፤ አረንጓዴው ጫፍ በማዕዘን የተሞረደ ስለሆነ ሰማያዊ ቀዳዳ ላይ ሲሰካ ብርሃኑ ይባክናል። ሦስተኛው፣ የሚሰቀለው ዓይነት ከጎኑ የብረት ሽቦ አለው፤ ለመብረቅ ብለው ፋይበር የዘረጉ ሰዎች ያን ብረት እስከ ራውተሩ ድረስ ይዘውት ይገባሉ። ብረቱ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ እዚያው ይቆረጥ። ውስጡ በብረት ፈንታ ፕላስቲክ ክር ያለው ካገኙ ይመረጣል። ፋይበሩን ደግሞ ከቡና ስኒ አፍ ጠበብ አድርገው አይጠምዝዙት።

ጉድለቱ ኃይል አለመውሰዱ ነው። ሰርቪሱ ውስጥ ኮንቨርተርና አክሰስ ፖይንት የራሳቸው ባትሪ ይፈልጋሉ። ክሩ ከተሰበረም በቤት መቀጠል አይቻልም፤ ወይ ባለ ማሽን ይጠራል፣ ወይ ሌላ ኬብል ይገዛል።

## አየር ለአየር ድልድይ

ሁለት ትናንሽ አንቴናዎች ፊት ለፊት ተያይተው በ5 ጊጋኸርዝ ይገናኛሉ። ለ20 ሜትር ጓሮ ከሚገባው በላይ ነው፤ ግቢው በጣም ረዥም ከሆነ ወይም መሬቱ የማይቆፈር ከሆነ ይታሰባል። ዝናብ በዚህ ርቀት ምንም አያደርገውም። የሚጎዳው ዛፍ ነው፤ በበጋ በአቮካዶው ቅርንጫፍ መሀል የተገናኘው ድልድይ በክረምት ቅጠሉ ሲረጥብ ይዳከማል። አንቴናዎቹ በዓይን ይተያዩ።

## ለቢሮው የራሱ ሲም

ባለ ሲም 4ጂ ራውተር ሰርቪሱ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዋናው ቤት ጋር ግንኙነት የለውም። ወርኃዊ ወጪው ይደጋገማል፣ ፕሪንተሩም አይጋራም። በምትኩ ዋናው መስመር ሲቋረጥ ሥራ አይቆምም፤ ይህ ከሌሎቹ የትኛውም የማይሰጠው ነገር ነው። ከ2015 መጀመሪያ ጀምሮ ሳፋሪኮምም ከተማዋ ውስጥ አለ፤ መስመሩ ከኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ ሲሙን ከሌላው ማድረግ ሁለቱ አንድ ላይ እንዳይጠፉ ይረዳል። ከመግዛት በፊት የሁለቱንም ሲም በስልክ፣ በጠረጴዛው ቦታ፣ ጠዋትና ማታ ይሞክሩ። ቆርቆሮ ይህንንም ይከለክላል፤ ራውተሩ መስኮት ላይ ይቀመጥ፣ ወይም የውጭ አንቴና ቀዳዳ ያለውን ይምረጡ።

## ማነጻጸሪያ

| መንገድ | የሚሆነው | ለቪዲዮ ስብሰባ | መብራት ሲጠፋ | ክረምትና መብረቅ | የመነሻ ወጪ | ለተከራይ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሪፒተር | እስከ 15 ሜትር፣ መስኮት ለመስኮት | ይዋዥቃል | ሌላ ባትሪ ይፈልጋል | አይነካውም | በጣም ዝቅተኛ | ይሆናል |
| ሜሽ (በአየር) | እስከ 20 ሜትር፣ ከአንድ ብሎኬት ግድግዳ ያልበለጠ | ደህና | ሁለት ባትሪ | አይነካውም | ከፍተኛ | በጣም ይሆናል |
| ፓወርላይን | አንድ ቆጣሪ፣ አዲስ ሽቦ | ከሠራ ደህና | ይጠፋል | በመብራቱ መስመር ይጎዳል | መካከለኛ | ይሆናል |
| ኬብል ከፒኦኢ ጋር | እስከ 100 ሜትር፣ ማንኛውም ግድግዳ | በጣም ጥሩ | አንድ ባትሪ ይበቃል | መብረቅ ያሰጋል | መካከለኛ | በአጥር ላይ ከሆነ |
| ፋይበር | ማንኛውም ግቢ | በጣም ጥሩ | በሁለቱም ጫፍ ባትሪ | አያሰጋም | መካከለኛ | በአጥር ላይ ከሆነ |
| ድልድይ | በዓይን የሚተያይ | ጥሩ | ሁለት ባትሪ | አንቴናው ያሰጋል | ከፍተኛ | ይሆናል |
| የራሱ ሲም | ሲግናል ባለበት | እንደ ሰዓቱ | አንድ ባትሪ | አይነካውም | መካከለኛ፣ በየወሩም ክፍያ | በጣም ይሆናል |

## የባትሪው ሒሳብ

ለራውተር ትልቅ ዩፒኤስ አያስፈልግም። ሚኒ ዩፒኤስ የሚባለው ትንሹ 12 ቮልት ይሰጣል፤ ከሶኬቱና ከራውተሩ መሀል ይገባል። ላዩ ላይ 8800 ሚሊአምፒር ሰዓት ቢል ያ ቁጥር በ3.7 ቮልት የተለካ ነው፤ ሲባዛ 32 ዋት ሰዓት ያህል ይሆናል፣ በመሀል የሚባክነው ሲቀነስ 27 ገደማ። 8 ዋት የሚበላ ራውተር ይዞ ከሦስት ሰዓት ትንሽ በላይ ይቆያል። ራውተርና አክሰስ ፖይንት አንድ ላይ 15 ዋት ከበሉ ወደ ሁለት ሰዓት ይወርዳል። ይህ ባትሪው አዲስና ቁጥሩ እውነተኛ ሲሆን ነው። ፋይበር የገባላቸው ቤቶች አንድ ነገር ይዘነጋሉ፤ ፋይበሩ የሚገባበት ሳጥን ከራውተሩ የተለየ ከሆነ እሱም ባትሪ ያስፈልገዋል።

የሶኬት ጫፉን ቮልቴጅ ከራውተሩ ጀርባ ያመሳክሩ። 9 ቮልት የሚለው ራውተር ላይ 12 መሰካት አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ሙከራ ነው።

## ለማን የትኛው?

የቤቱ ባለቤት ሆነው በጓሮ ቢሮ በየቀኑ የሚሠሩ ከሆነ ኬብል ከፒኦኢ ጋር ይዘርጉ። ከዚህ በፊት በመብረቅ ራውተር የተቃጠለበት ቤት ከሆነ ወይም ግራውንድ ከሌለ ፋይበሩን ይምረጡ፤ የወጪው ልዩነት አንድ ራውተር ከመተካት ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። የሁለተኛውን ባትሪ ግን ወጪው ውስጥ ያስገቡ።

ተከራይ ሆነው አከራይዎ የሚስማሙ ከሆነ ያው ኬብል በአጥሩ ላይ በክሊፕ ታስሮ ይሄዳል፤ ሲለቁ ጠቅልለው ይወስዱታል። ካልተስማሙና ሰርቪሱ ብሎኬት ሆኖ መስኮቱ ወደ ዋናው ቤት የሚያይ ከሆነ ባለ ሦስት ሬዲዮ ሜሽ ይሻላል። ቆርቆሮ ከሆነ ሜሹን ይተዉትና የራሱን ሲም ይሞክሩ።

በጀቱ በጣም ጠባብ ከሆነ ራውተሩን ወደ መስኮት ማዞር፣ ቻናል መቀየር፣ ከዚያም ባለ ሁለት ሬዲዮ ሪፒተር። ለኢሜይልና ለሰነድ ሥራ ይበቃል። ቤት ውስጥ የተጣለ አሮጌ ራውተር ካለ ግን የሪፒተሩን ዋጋ ለኬብል ያውሉት፤ በተቀራራቢ ገንዘብ በብዙ የተሻለ ነገር ይገኛል።

ደንበኛ ፊት ስብሰባ የሚመሩ፣ መቋረጥ ገንዘብ የሚያስከፍላቸው ሰዎች ኬብሉን ወይም ፋይበሩን ዋና አድርገው ሲሙን መጠባበቂያ ያድርጉ። ሲሙ ሁልጊዜ እንዲሞላ አያስፈልግም፤ ስልክን እንደ መገናኛ መጠቀም ለአንድ ስብሰባ ይበቃል።

ጓሮውን ሲሚንቶ ወይም ኮብልስቶን ሊያለብሱ የተዘጋጁ ደግሞ የትኛውንም ገና ባይመርጡ እንኳ ከመለበሱ በፊት 25 ሚሊሜትር ቱቦ ሲባጎ አስገብተው፣ ሁለቱን ጫፍ ደፍነው ይቅበሩ።